የውዴ ፊት

ዳንግላ ያስተማርሁት አንድ ዓመት ብቻ ነው። እንደ እኔ ያለ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ማስተማር ነበረበትና የእኔ ዕጣ አገው ምድር ላይ ወደቀ። እናቴ "ብርድ አለው ይባላል" ብላ አንድ ወፍራም ጋቢ ጨመረችልኝ። ጋቢው አሁንም አለኝ። አንዳንዴ ከሣጥን ሳወጣው የዳንግላ የጋሪ ፈረሶች ሽታ ያለበት ይመስለኛል። የለበትም፤ ስንት ጊዜ ታጥቧል።

ያን ጊዜ ገና ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዓይን አፋር ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ፣ ያኔ ግን ይብስ ነበር። ክፍል ገብቼ ጀርባዬን ለተማሪዎቹ እሰጥና ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ሰሌዳው ሲሞላ መዞር ግድ ስለሚሆንብኝ ፊደሌን እያሳነስሁ መጻፍ ጀመርሁ። ተማሪዎቼ "ጉንዳን" የሚል ስም አወጡልኝ። ስናገር ደግሞ "ይመስለኛል" የማልልበት ነገር ጥቂት ነው። አከራዬ እትዬ አገሬ በዚህ ይስቁብኝ ነበር።

"ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይ ስልሽ 'ይመስለኛል' ትያለሽ። ምላሱ የማን ነው?"

ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀን በተዘጋ ጊዜ እትዬ አገሬ አንድ ማለዳ የክፍሌን በር ገፍተው ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ለመንገድ ተዘጋጅተዋል።

"ተነሽ። እህቴ ትሁን ልጇን የሻረግን ልትድር ነው። ነገ የወንዱ ወገኖች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ። ብቻዬን አልሄድም።"

"የማላውቀው ቤት እንዴት..."

"ጉንዳን እንኳ ከጉድጓዷ ትወጣለች" አሉኝ። ስሜን ከተማው ሁሉ እንደሚያውቀው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በጋሪ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ፣ በአውቶቡስ እስከ እንጅባራ ሄድን። እንጅባራን ያኔ ሰው ሁሉ ኮሶ በር ነበር የሚለው። ከዚያ በእግራችን የቀርከሃ አጥር ባለበት ጠባብ መንገድ ወደ ዘንገና ታጠፍን። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ሐይቁ ከታች እንደ ጥቁር ሰሐን ይታያል፣ ሲመለስ ደግሞ ይጠፋል። እትዬ አገሬ መንገዱን ሙሉ ያወራሉ። እኔ "እህ" እላለሁ። ዛሬ ያን መንገድ እንደገና ለመሄድ ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

ስንደርስ አመሻሽ ላይ ነበር። ከቤቱ በላይ ባለው ማሳ ሁለት ሰዎች በሬ እየፈቱ ነበር። አንደኛው የእትዬ ትሁን ባል አያ ፈንታ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። በሬዎቹን በአገውኛ ያናግራሉ፤ ለእኛ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ቃሉን ከሩቅ አምጥተው የሚያስቀምጡ ይመስላሉ። ሁለተኛው አያ ጫኔ የሙሽራው አባት ናቸው። እሳቸው በየትኛውም ቋንቋ ዝም አይሉም።

ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። በአገሩ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ አንድ ቀን የአንዱን ማሳ ያርሳሉ፣ በሚቀጥለው የሌላውን። መቀናጆ ይሉታል። የአያ ፈንታ በሬ ቀዮ፣ የአያ ጫኔው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነበር። ከወይፈንነታቸው ጀምሮ በአንድ ቀንበር ነው ያረሱት። ጋብቻውም ከዚያው የመጣ ነው፤ አባቶቹ ሲያርሱ ልጆቹ ምሳ ሲያመላልሱ ተያዩ።

"እዪ፣ እዪ" አሉ አያ ጫኔ ወደ እኔ። "አሁን ስንለያያቸው እንዴት እንደሚያለቅሱ።"

እውነታቸውን ነው። ቀንበሩ ሲወርድ ቀዮ ወደዚህ፣ ቦራ ወደዚያ በየቤቱ መንገድ ጀመረ። ቦራ አጥሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ጮኸ። ቀዮ ከበረቱ ደጅ መለሰለት።

"ሚስቴ እንዲህ ናፍቃኝ አታውቅም" አሉ አያ ጫኔ።

አያ ፈንታ እንግዳ መሆኔን አይተው ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው፤ አልሰሙኝም። ደገምሁት። ጎንበስ ብለው የግራ ጆሯቸውን ወደ አፌ አቀረቡ። "ድምፅሽ ትንሽ ናት፣ ልጄ" አሉ። ያን ጊዜ ነው ከጆሯቸው ፊት፣ ከጉንጫቸው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ትንሽ ቀዳዳ ያየሁት። እንግዳ ሰው ፊት ማየት ስለማልችል እንዲህ ያለ ነገር ላይ ነው ዓይኔ የሚያርፈው።

ቤት ገብተን ስንቀመጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ከጓዳ ብቅ አለች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጥ ብላ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች፤ ሳትጠይቅ፣ ሳታፍር። መነጽሬን ከፊቴ አንሥታ አየችውና መልሳ በግልባጩ አደረገችልኝ። ሁሉም ሳቀ።

"ውዴ ናት፣ የመጨረሻዬ" አሉ እትዬ ትሁን። "መናገሩ ትንሽ ዘግይቶባታል።"

ውዴ ዓይኖቿ ወደ ጎን ቀና ያሉ፣ አፍንጫዋ ጠፍጠፍ ያለ፣ ምላሷ ከከንፈሯ ብቅ የሚል ልጅ ነበረች። ሰውነቷ እንደ ሊጥ ልስልስ ነው። እጇን ይዤ መዳፏን ዘረጋሁት። በእኔና በእናንተ መዳፍ ላይ ሁለት ሆነው የሚታዩት መስመሮች እሷ ላይ አንድ ወጥ ሆነው ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣሉ። ጸጉሯን ወደ ኋላ ሳደርግላት ደግሞ ከግራ ጆሮዋ ፊት ያችን የአባቷን ቀዳዳ አገኘኋት።

ባለፈው ዓመት ከአንድ የውጭ አገር አስተማሪ የሰማሁት ትምህርት መጣብኝ። የሰው ልጅ በእያንዳንዱ የሰውነቱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ እንደ ክር ቁራጭ ያሉ ነገሮች አሉት። ውርሳችን የሚተላለፈው በእነሱ ነው። የያዝነው መጽሐፍ ብዛታቸው አርባ ስምንት ነው ይል ነበር፤ መምህሩ "ሰርዙትና አርባ ስድስት በሉ፣ ስንቆጥር ተሳስተን ኖረናል" አለን። በጥንቃቄ በእርሳስ ሰረዝሁት። ቀጥሎ የአንዲት ፈረንጅ ሕፃን ፎቶግራፍ አሳየን። "እሷ ግን አርባ ሰባት አላት" አለ። ያቺ ሕፃን ጸጉሯ እንደ ገለባ ቢጫ ነበር። ፊቷ ግን አሁን ጭኔ ላይ የተቀመጠው ፊት ነው።

እትዬ ትሁን ሲያዩኝ ኖሯል። ጓዳ ልረዳቸው ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንድ ነገር አየሽባት" አሉኝ።

"የለም፣ ማለቴ..."

"እኔ ነኝ ያደረግኋት።" እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም። "እሷን አርግዤ ሳለሁ በቀትር ዘንገና ዳር ወረድሁ። አትውረጅ ብለውኝ ነበር፤ በቀትር የሐይቁ ነገር ይወጣል ይባላል። የማጥበው ልብስ ነበረኝ፣ ወረድሁ። ለባሌም አልነገርሁት።"

አይደለም ልላቸው አፌን ከፈትሁ። "ይመስለኛል" የምትለው ቃል ቀደመችና እሷን ስገፋ አያ ፈንታ ራት ጠየቁ።

የሙሽራው ወገኖች በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቀኑን ስላከበሩት አልታረሰም፤ ቀጣዩ ተራ የአያ ፈንታ ስለሆነ ቦራ ጠዋት መጥቶ ሁለቱም በሬዎች እዚሁ በረት ነበሩ። አያ ጫኔ ነጭ ለብሰው ከፊት፣ ከኋላቸው ደግሞ በተሸለመ ፈረስ ላይ አባ ቢተው። አባ ቢተው የሙሽራው እናት ወንድም ናቸው፤ ከግምጃ ቤት ነው የመጡት። የእሳቸው ሥራ አጥንት መቁጠር ነው። ሁለቱ ወጣቶች እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ዘር ካላቸው ጋብቻ የለም፤ ያን የሚያጣራው ሰው እሳቸው ነበሩ። "አባ ቢተው የፈረሱንም አያት ያውቃሉ" ይሏቸዋል።

ከፈረሱ ወርደው ገና ሳይቀመጡ ውዴ ሮጣ እግራቸውን አቀፈች። ሳቁና አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ሳቃቸው እዚያው ቆመ።

"ይች የማን ናት?"

"የእኔ ናት" አሉ አያ ፈንታ። "የመጨረሻዋ።"

አባ ቢተው ልጅቷን ትክ ብለው አዩ። "ወንድሜ ዘለቀ ሲሞት ትቷት የሄደው ልጅ አለች፣ ግምጃ ቤት። ዓይኗ፣ አፍንጫዋ፣ አፏ፣ ይችው ናት። ጎን ለጎን ባቆማቸው የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አልለይም።"

"ሰው ከሰው ይመሳሰላል" አሉ አያ ጫኔ።

"እንዲህ አይመሳሰልም። እንዲህ የሚመሳሰለው አንድ አጥንት ነው። አጥንታችን የሚገናኝ ከሆነ እነዚህ ልጆች አይጋቡም። ተቀመጡ፣ እንቁጠር።"

ቆጠሩ። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነን እንሰማለን። የአያ ፈንታ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፤ የእትዬ ትሁን ወገን ከዳንግላ፤ የአባ ቢተው ወገን ከግምጃ ቤት። የሻረግ አጠገቤ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። በእያንዳንዱ ስም ትንፋሿን ትይዛለች፣ ስሙ ሳይገናኝ ሲያልፍ ትለቃለች። ሰባተኛው ቤት ደረሱ። አልተገናኘም።

የሻረግ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልሁ። እትዬ አገሬ ግን አልሳቁም፤ ከእኛ ቀድመው ገብቷቸዋል።

"አጥንቱ አይገናኝም" አሉ አባ ቢተው ቀስ ብለው። "ፊቱ ግን አንድ ነው። እንግዲህ በሌላ መንገድ መጥቷል ማለት ነው።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ፈንታ፣ ወንድሜ ፈረስ ሊሸጥ ዳንግላ ሲወርድ የት ነበር የሚያድር?"

የአያ ፈንታ ድምፅ መጣ። "እዚህ።"

እትዬ ትሁን አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ተነሥተው ልብሳቸውን ከመስቀያው አወረዱ፣ አጣጥፈው ቋጠሩ፣ ከእህታቸው እግር ሥር አስቀመጡት። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ባል እስኪያባርር አይጠብቁም፤ ጎህ ሲቀድ ከእኛ ጋር ዳንግላ ሊሄዱ ነው። የሻረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች።

ወንዶቹ ወደ ውጭ ወጡ። እኔም ቤቱ ጠበበኝና ወጣሁ። አያ ጫኔ በረቱ ደጅ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። "ፈንታ፣ እንግዲህ..." አሉ። "በሬዬን ልውሰድ። በአንድ ቀንበር እንዴት እናርሳለን ከእንግዲህ?"

"ውሰድ" አሉ አያ ፈንታ።

አያ ጫኔ ቦራን በገመድ ይዘው ወጡ። ቀዮ ተከትሎ ወጣ። አያ ጫኔ ዞረው መለሱት፤ ቦራ አብሮ ተመለሰ። ቦራን ሲጎትቱ ቀዮ ጎኑን ከጎኑ አጣብቆ ይሄዳል። ሁለቱ በሬዎች ቀንበር ሳይኖርባቸው ቀንበር እንዳለባቸው እኩል እየረገጡ የአያ ጫኔን መንገድ ያዙ። አያ ጫኔ "ኧረ እነዚህን ምን ላድርጋቸው?" አሉ። አያ ፈንታ ባዶውን በረት እያዩ "ይሂዱ፣ ሁለቱም ይሂዱ" አሉ።

በአንዱ ቤት ሁለት። በሌላው ምንም።

"እንዲህ ነው የሆነው" አለ አንድ ድምፅ። የእኔ ነበር።

ሦስቱም ሰዎች ዞሩ። የጋቢዬን ጫፍ ጨበጥሁት።

"ማን ናት?" አሉ አባ ቢተው።

"ዳንግላ የምታስተምር ልጅ ናት" አሉ አያ ጫኔ።

"ምን አልሽ? ጮክ በይ።"

ጮክ አልሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

"አባ፣ ሰው ሁሉ በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉት። እንደ በሬ ጥማድ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ ከጥማዱ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። መልካችንን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሃያ ሦስት ጥማድ አለን።"

"እሺ።"

"እናት ለልጇ የምትሰጠው ከየጥማዱ አንድ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅ ከመጸነሱ በፊት በእናቲቱ ውስጥ ጥማዶቹ ይፈታሉ። አንዱ ወደዚህ ይሄዳል፣ አንዱ ወደዚያ፤ ትናንት ማታ ቀዮና ቦራ በየቤታቸው እንደሄዱት። አንዳንድ ጊዜ ግን ከጥማዶቹ አንዱ አልላቀቅ ይላል። ሁለቱም ተያይዘው ወደ አንድ በረት ይገባሉ።" እጄን ወደ በሬዎቹ ዘረጋሁ። "አባት ደግሞ የራሱን አንድ ይዞ ይመጣል።"

"ሦስት ይሆናላ" አሉ አያ ጫኔ።

"ሦስት ይሆናል።"

"ቀንበር የሁለት ነው" አሉ አያ ፈንታ። ያን ቀን ሳይጠየቁ ሲናገሩ ስሰማቸው ይህ የመጀመሪያ ነበር።

"ውዴ ከትንንሾቹ ጥማዶች በአንዱ ላይ ሦስት ሆኖባታል። ዓይኗንም፣ ምላሷንም፣ መዳፏንም እንዲህ ያደረገው ያ ትርፉ ነው። የግምጃ ቤቷም ልጅ እዚያው ጥማድ ላይ ሦስት የሆነባት ይመስለኛል። ፊታቸው የተመሳሰለው ለዚህ እንጂ በዝምድና አይደለም።"

"ይመስለኛል?" አሉ አባ ቢተው።

"አላየኋትም፣ አባ። ልጠይቅዎት? መዳፏ ላይ ያለው መስመር እንደ ሰው ሁሉ ሁለት ነው ወይስ አንድ ወጥ?"

አባ ቢተው የራሳቸውን መዳፍ ከፍተው አዩ። "አንድ ወጥ።"

"የእግሯ አውራ ጣት ከሚቀጥለው ራቅ ያለ ነው?"

"ገመድ ያስገባል።"

"እናቷ ሲወልዷት ዕድሜያቸው የገፋ ነበር?"

"የልጅ ልጅ ካየች በኋላ ነው የወለደቻት። ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝ። አስተማሪያችን የፈረንጅ ልጅ ፎቶግራፍ አሳይቶን ነበር። ጸጉሯ ቢጫ ነው። ከውዴ ጋር ቢያስቀምጧት ግን እህትማማች ናቸው ይላሉ።"

"እንግዲያው ወንድሜ ፈረንጅ አገርም ፈረስ ሸጧል በይኛ" አሉ አባ ቢተው። አያ ጫኔ ሳቁ፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ። አባ ቢተው ግን ቀልደው የሚረሱ ሰው አልነበሩም። "አመንሁሽ እንበል። ፊቷ የትርፉ በሬ ነው አልን። እንግዲህ አባቷ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"ትርፉ አንድ ነው፣ አባ። የቀሩት ሁሉ በየጥማዳቸው አሉ። አባቷን እነሱ ላይ ነው መፈለግ።" ወደ አያ ፈንታ ሄድሁ። "አያ ፈንታ፣ ጆሮዎን ያቅርቡልኝ።"

ትናንት እንዳደረጉት ጎንበስ አሉ። ቀዳዳዋን ለአባ ቢተው አሳየኋቸው። የሻረግን ጠራኋት፤ ውዴን ታቅፋ መጣች፣ ዓይኗ ቀልቷል። የውዴን ጸጉር ወደ ኋላ አደረግሁ። አባ ቢተው አጎንብሰው አዩ፣ በጣታቸው ጫፍ ነኩ፤ ውዴ ኮረኮራትና ሳቀች። ከዚያ የሻረግ ሻሿን ገለጥ አድርጋ የራሷን አሳየች።

"እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል" አልሁ።

"እናቴም ነበራት" አሉ አያ ፈንታ። ጆሯቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

"አባ፣ የወንድምዎ ጆሮስ?"

"የዘለቀን ጆሮ አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን ስንታገል ነክሼዋለሁ። ቀዳዳ ቢኖረው የእኔ ጥርስ ነው።" ወደ ሰማይ ቀና አሉ። "ወንድሜን በመቃብሩ አስቀየምሁት። ሚስቱንም በዚያች ልጅ ምክንያት ስንት ቃል ተናግረናታል።"

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን ገና አጥንት ቆጣሪ ነበሩ።

"አንድ ልጠይቅሽ። የሻረግ እንዲህ ያለ ልጅ ትወልዳለች?"

አንዲት "አትወልድም" የምትል ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት። የሻረግ ታየኛለች። እትዬ አገሬ ከደጃፉ ሆነው በዓይናቸው "በይ እንጂ" ይሉኛል።

"ብዙውን ጊዜ በዘር አይሄድም" አልሁ። "አልፎ አልፎ የሚሄድበት መንገድ አለ ተብሏል። እዚህ ያ ይኑር አይኑር እኔ ማወቅ አልችልም። ሴት ሁሉ ዕድሜዋ ሲገፋ ነገሩ ይበዛል።"

"ትምያለሽ? በዘር አይሄድም ብለሽ?"

"አልምልም።"

እትዬ አገሬ ጉንጫቸውን መቱ። አባ ቢተው ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ ምን እንደያዘኝ አላውቅም።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግልና ላይ ተቀምጫለሁ" አሉ። "ለሁሉም ነገር የሚምልልኝን ምስክር አምኜ አላውቅም።" ወደ አያ ጫኔ ዞሩ። "በሬህን መልስ። ነገ የማን ተራ ነው?"

"የፈንታ።"

"እንግዲያው ምን ትጎትታለህ?"

አያ ጫኔ ገመዱን ለቀቁ። ቦራ ዞረ፣ ቀዮ ዞረ። ሁለቱ ተያይዘው ወደ በረቱ ገቡ፤ ማንም አልነዳቸውም።

አያ ፈንታ ቤት ገቡ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ በአገውኛ ነበር። ከደጃፉ ሆኜ ሳይ ያ የተቋጠረ ልብስ በእጃቸው ነበር። ፈቱና አንድ በአንድ እያራገፉ ራሳቸው መስቀያው ላይ መለሱት። አባ ቢተው ፊታቸውን ወደ ፈረሳቸው አዞሩ፤ ማየት እንደማይገባቸው አውቀው ነው።

የሠርጉ ቀን ያን ዕለት ተቆረጠ።

በማግስቱ ስንሄድ እትዬ ትሁን እስከ ቀርከሃው መንገድ ሸኙን። ውዴ ጀርባቸው ላይ ነበረች። ከታች ሐይቁ ተገልጦ ይታያል። ቆሙ።

"እንግዲያው በቀትር መውረዴ አይደለም?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምን አልተላቀቁም? እነዚያ ጥማዶች?"

"አይታወቅም። እስካሁን ያወቀ የለም።"

"የሐይቁ ግን አይደለም።"

"አይደለም።"

"እስቲ ድገሚው።"

"አይደለም፣ እትዬ ትሁን።" ይህን ስል "ይመስለኛል" አላልሁም። እትዬ አገሬም አስተውለዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልቀለዱብኝም።

ሠርጉ ላይ አልነበርሁም፤ ፈተና ማረም ነበረብኝ። እትዬ አገሬ ተመልሰው የነገሩኝ ግን፣ አባ ቢተው የወንድማቸውን ሚስትና ልጇን በፈረስ ይዘው መጥተው ነበር። ሁለቱ ልጆች ተያይተው፣ ተቃቅፈው፣ እስኪመሽ አልተለያዩም አሉ።

ውድ አንባቢዎች፣ አሁን አዲስ አበባ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ጸጥ ያለ ነው፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ይስማማል። አንዳንዴ በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት የአበባ እምቡጥ ሳይ እነዚያ ክር የመሰሉ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ሁለቱ ዳር ሲላቀቁ ይታዩኛል። ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ አጥሩ ጋ ደርሶ ዞሮ የሚጮኸው ቦራ ነው የሚሰማኝ። በየጊዜው እንዲህ በትክክል መላቀቃቸው ይገርመኛል፤ ሳይላቀቁ ሲቀሩ ግን ከእንግዲህ አያስፈራኝም።

ያ ቀን ደፋር አላደረገኝም። አሁንም እንግዳ ሰው ፊት ማየት ይከብደኛል። የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው። ጥንቃቄዬን እንደ ፍርሃት እቆጥረው ነበር። ያን ቀን ግን የማውቀውን ጮክ ብዬ፣ የማላውቀውን ደግሞ እንዲሁ ጮክ ብዬ መናገር እንደሚቻል አየሁ። ሁለተኛው ነው የከበደኝ፤ የታመንሁትም በእሱ ነው።

እናንተም በየሰፈራችሁ እንደ ውዴ ያለች ልጅ ታውቁ ይሆናል። ምናልባት እናቷ በልቧ አንድ ቀትር፣ አንድ ሐይቅ ተሸክማ ትኖር ይሆናል። ስትገናኙ የልጅቷን ፊት ብቻ አትዩ፤ ያ ፊት በየአገሩ አለ። ጎንበስ በሉና ጸጉሯን ወደ ኋላ አድርጉ። የዚያ ቤት ልጅ መሆኗን የምትነግር አንዲት ትንሽ ነገር ከጆሮዋ ሥር፣ ወይም ከሳቋ ውስጥ፣ ታገኛላችሁ።